ጋሽ አሸብር ብሎክ ያደረጉት ማስጠንቀቂያ

ቅዳሜ ጠዋት ነርሷ ማራኪ ከሥራ ወጥታ ፓይን ሌክ ነዳጅ ማደያ ጎራ ብትል፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ቫን እንደ መርከብ ተገትሮ አገኘችው። ውስጡ ዐሥራ አንድ እናቶች ታጭቀዋል፤ የያዙት ምሳ አንድ ክፍለ ጦር ይቀልባል። ከኋላ ወንበር የገዛ እናቷ ወይዘሮ እድላዊት እጃቸውን አውለበለቡላት።

ነዳጅ የሚቀዱት ሹፌሩ ጋሽ አሸብር ናቸው። እርሳቸው እንደሚሉት ከሆነ በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ያልነዱበት መንገድ ገና አልተሠራም።

«አሁንም ወደ ባሕሩ ልትሄዱ ነው ጋሽ አሸብር?»

«እንዴታ፣ ወደ ባሕር! ከሳቫና ማዶ ወዳለው ደሴት። እናትሽና ሁለት ጓደኞቿ ዛሬ ይጠመቁ የለም እንዴ?»

«ዛሬ? ለባሕሩ ዳርቻ የከባድ ነፋስና የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል እኮ!»

ጋሽ አሸብር ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። «የቱ ነፋስ? ፀጉርሽ እንኳ አልተነቃነቀም።»

«ይሄ የፓይን ሌክ ሰማይ ነዋ! ባሕሩ አራት ሰዓት ተኩል መንገድ ይርቃል።»

«ልጄ፣ እዚህ አገር መፍራት ይወዳሉ። በረዶ ሊጥል ነው ብለው ዳቦ ከየሱቁ አስጠፉ፤ የወረደው ግን እፍኝ አይሞላም።»

«አንዴ ቀረ ተብሎ ሁልጊዜ ይቀራል?»

«ደግሞስ ሦስት ቀን ሙሉ ጸልየናል!»

«እኔም አብሬ ጸልያለሁ። መንገዱን አሳየን ነው ያልነው። ሲያሳየን ዓይናችንን እንጨፍን አላልንም።»

እዚህ ላይ አንባቢ አይፍረድባቸው። ጋሽ አሸብር የሞተር መብራት ብልጭ ካለባቸው ሀይዌይ ላይም ቢሆን ዳር ይዘው የሚቆሙ ጠንቃቃ ናቸው። ችግሩ የሰማይ መብራት ዳሽቦርዳቸው ላይ አለመኖሩ ነው።

ማራኪ ጥርሷን ነከሰች። «ደሴቱ ላይ የምታርፉበት እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ምን አሉ?»

«ምንም። ማንም አልደወለም።»

«ማንም?»

«ሐሙስ ዕለት አንዱ ስፓም ሲነዘንዘኝ ውሎ ብሎክ አደረግኩት። ያው የመኪና ዋስትና ሊሸጥልኝ ነው።»

ማራኪ ግንባሯን በመዳፏ መታች። የእኛ ሰው የማያውቀው ቁጥር ሲደውልለት ስልኩን እባብ እንደገባበት ጫማ ነው የሚያየው!

«ስልኩን ይስጡኝ፣ እባክዎ!»

ብሎክ ከተደረገው ቁጥር አራት የድምፅ መልእክት ተቀምጧል። የመጨረሻውን በስፒከር ከፈተችው፤ የማረፊያው ባለቤት በእንግሊዝኛ ስትለማመጥ ማራኪ ለእናቶቹ ተረጎመች፦ «ሚስተር አሸብር፣ እባክዎ እንዳይመጡ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ባሕሩ ሲሞላ ወደ ደሴቱ የሚያስገባውን ብቸኛ መንገድ ውሃ ይውጠዋል። እኛም ቤቱን ለቅቀን እየወጣን ነው።»

የቫኑ የኋላ በር ተከፈተ።

«አሸብር፣» አሉ ወይዘሮ እድላዊት፣ «እኔ የመጣሁት ልጠመቅ ነው፣ ልሰጥም አይደለም። አውርደኝ!»

ጋሽ አሸብር በጣታቸው ሰዓት ቆጠሩ። ሁለቴ ቆጠሩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «አሁን ብንነሳ... ቀትር ላይ እዚያችው መንገድ ላይ ነበርን። ዐሥራ አንድ እናት ይዤ።» ቁልፉን በማራኪ መዳፍ ላይ አኖሩ። «ልክ ነሽ ልጄ። አጥፍቻለሁ።»

ሦስቱ እናቶች በዚያው ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ገንዳ ተጠመቁ፤ ምሳውም ሳይቀዘቅዝ ተበላ። ከሰዓት በኋላ የማረፊያው ባለቤት ፎቶ ላከች፤ መንገዱ የለም፣ ከውሃው በላይ የቀረው የመንገድ ምልክቱ አናት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉዞ ሲኖር የሚሄዱበት አገር አየር አስቀድሞ ይታያል፣ የአስተናጋጁ ቁጥር በስሙ ይመዘገባል፣ በዋዜማውም ይደወላል። ይህን ሁሉ የሚያስፈጽሙት ጋሽ አሸብር ናቸው። ማሪዬታ ከተማ ላይ ሦስት ጠብታ ካፊያ ቢወርድ፣ ዱሉዝ ከተማ ላይ ቅጠል ቢወዛወዝ፣ ለማራኪ ይደውላሉ። በቀን አርባ ጊዜ!

ማራኪ ትማረራለች፣ ትነጫነጫለች። ብሎክ ግን አታደርጋቸውም።