እንከኑ ከፊት፣ ሙያው ከኋላ

ሣህሌ አቶ ገብረ መድህንን የሰደባቸው በ1961 ዓ.ም.፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው አሰላ፣ የፈረንጆቹ የእርሻ መሥሪያ ቤት በረንዳ። ማመልከቻ ጸሐፊው ገብረ መድህን ለአንድ የጢቾ ሰው በእንግሊዝኛ የጻፉትን የድጋፍ ደብዳቤ የመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ተቀባይ ሣህሌ ጮክ ብሎ አነበበና፣ «ጋሼ፣ ሰውየውን ሊያስቀጥሩት ነው ወይስ ሊያሳስሩት?» አለ። ዘበኛው ሳቀ፤ ሾፌሩ ሳቀ፤ የጢቾው ሰው እንኳ ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ገብረ መድህን መልሱ የመጣላቸው ቤታቸው ገብተው ጫማቸውን ሲያወልቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ተኩል እንደ ጫት በጉንጫቸው ይዘውት ዞሩ።

በ1964 ዓ.ም. ሰኔ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከጠረጴዛቸው ጋር ተቀምጠው ሳለ፣ ዝናብ ያባረራት አንዲት ልጅ ጃንጥላቸው ሥር ዘው አለች። የዲክሲሱ የሀሰኖ ልጅ ጠይባ ናት፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ፈረንጆቹ ለከፈቱት የወተት መረከቢያ ልታመለክት የመጣች። ማመልከቻ መቀበል የሚያበቃው በማግስቱ ነው።

«ጋሼ ገብረ መድህን፣ ካገኘሁዎት አይቀር፤ አባቴ ያስጻፈልኝን ይቺን ደብዳቤ እርስዎ ነዎት የጻፏት?»

«የእጅ ጽሕፈቴ ጠፋሽ? አባትሽ ደስ አለው?»

«እንግሊዝኛ ስለማያውቅ ደስ አለው። ልተርጉምልዎ፦ ‹ጠይባ ትጉህ ናት፣ ግን አጭር ናት። የተማረች ብትሆንም ግን ቁጡ ናት። ሐቀኛ ናት፣ ግን ስታስነጥስ ሰው ታስደነግጣለች።›»

«ውሸት ነው?»

«ማስነጠሱ እውነት ነው። ለምን ተጻፈ?»

ገብረ መድህን ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ሰው ያለ እንከን ከተመሰገነ ዐይን ይበላዋል። ያማረ ሕፃን እንኳ ግንባሩን ጥላሸት ይቀባል። ምስጋናሽን ሁሉ በ‹በት›፣ በእኛው ‹ግን›፣ ያጠርኩልሽ ለዚህ ነው። እንዲጠነክርም ‹ብትሆንም› የሚለውን ‹ኦልዶው›ን ደረብኩበት።»

ዐይን መፍራት የአባቶች ወግ ነው፣ አይነቀፍም። ፈረንጅ ደብዳቤን የሚያነበው ግን ሠራተኛ ሊመርጥበት እንጂ እንደ ክታብ አንገቱ ላይ ሊያስረው አይደለም።

«ለአንድ በር ሁለት ዘበኛ ምን ያደርጋል ጋሼ? እኛ ‹ብትሆንም ግን› እንላለን፤ እንግሊዝኛ አንዱን ከቀጠረ ሌላውን ያሰናብታል። ‹ምንም እንኳ› የሚመስለውን ‹ዲስፓይት›ንም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጭነውታል፤ የእሱ ጀርባ ስም ብቻ ነው የሚችለው። እሱስ በአንድ ብዕር ይታረማል። የጎዳኝ ግን ሌላ ነው።»

«የሣህሌ ተማሪ መሰልሽኝ!»

«ሣህሌን ይተዉት። አምና ሲሬ ገበያ ያንን በሬ ምን ብለው ሸጡት? አባቴ እስከ ዛሬ ያወራዋል።»

በሬው ሲነሣ የገብረ መድህን ፊት ፈታ አለ። «‹አንድ ዐይና ነው፣ ግን ትልም አይስትም› ብዬ ነዋ!»

«‹ትልም አይስትም፣ ግን አንድ ዐይና ነው› ቢሉስ ኖሮ?»

«እስከ ዛሬ ጭድ እያቀረብኩ እቀልበው ነበር።»

«ታዲያ እኔ ከበሬው አንሳለሁ?»

ዝናቡ አባራ። ገብረ መድህን ጃንጥላቸውን ዘጉ። የጢቾው ሰው ያን ጊዜ ለምን ሳይቀጠር እንደቀረ አሁን ገባቸው፤ ጥፋቱ የሣህሌ ቢሆን ምንኛ በወደዱ!

«እና እንከኑን ልፋቀው?»

«አይፋቁት! ከፊት ሆኖ ዐይኑን ይመክትልኝ፤ ሙያዬ ከኋላው ይግባ። ‹አጭር ብትሆንም ትጉህ ናት› ይበሉ። አንባቢው ይዞ የሚሄደው የመጨረሻውን ነው።»

«ማስነጠሱስ?»

«እሱን ወላሂ ይማሩኝ!»

አዲስ ወረቀት አወጡ።

ጠይባ ተቀጠረች። ከዚያ ወዲህ በዚያ አጥር ሥር የሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉ እንከኑ ከፊት፣ ሙያው ከኋላ ሆነ፤ ያስጻፈ ሰው ለጥያቄ ይጠራል እንጂ ከበር አይመለስም። ወግ ሳይጣል ቦታው ሲስተካከል እንዲህ ይጠቅማል።

ሐምሌ ሲገባ ገብረ መድህን የጢቾውን ሰው አስከትለው፣ አዲስ ደብዳቤ ይዘው በረንዳው ላይ ወጡ። ሣህሌ አንዴ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤ የሚነቅፈው አጣ። «ጋሼ፣ የዛሬውንስ ማን ጻፈልዎት?» አለ። ዘበኛው ለመሳቅ አፉን ከፈተ።

በጉንጫቸው ይዘውት የኖሩት ያ መልስ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ። ገብረ መድህን ዞር ሲሉ የጢቾው ሰው ደብዳቤውን የያዘውን የሣህሌን እጅ ትክ ብሎ ያያል። መልሱን ዋጡት። ጃንጥላቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡና አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወርደው ሄዱ።