በኪስ ያለ ፊውዝ

የሳሙና ፋብሪካው አንጋፋ የማሽን ሠራተኛ መለዋወጫ ፊውዝ ሊገዙ ኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ጎራ ቢሉ፣ የእህታቸውን ልጅ ገመድ ታቅፋ ባንኮኒው ጋ አገኟት። ሳምንት ሙሉ ሲሸሿት ከርመው ነበርና ማምለጫ አጡ።

ልጅቷ የፋብሪካ ማሽኖችን የሚያዝ ፕሮግራም መንደፍ ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋን እሳቸው በሚሠሩበት የሳሙና ማቀላቀያ ማሽን ላይ ልትሞክር ብትጠይቅ፣ የፋብሪካው ኃላፊ «እሳቸው ካልፈቀዱ አይነካም» ብሏታል። ካልፈቀዱ ልፋቷ መና ሊቀር ነው።

«ጋሼ፣ ምነው ጠፉብኝ?»

«ሥራ ነዋ! ስሚኝ ልጄ፤ ሠላሳ ዓመት ይህን ማሽን በጆሮዬ ነው የያዝኩት። ኮምፒውተርሽ ጆሮ አለው?»

«የለውም። ለዚህ እኮ ነው የእርስዎን የምለምነው። መምህራችን ማሽኑን የሚያውቀውን ሳትጠይቁ አንዲት መስመር እንዳትጽፉ ብለውናል።»

መልሱ ደስ አላቸው፤ ዳሩ ግን ሽማግሌ ቶሎ አይረታምና ፊታቸውን አልፈቱም።

«ጥንቃቄ እንደሆነ እኛም አናጣም። ማሽኑ ሲደፈን ፊውዙን ነቅለን ኪሳችን ከትተን ነው እጃችንን የምናስገባው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ጣቶችዎ የተቆረጡ ዕለት ፊውዙ የት ነበር?»

ግራ እጃቸውን ሳያስቡት ሸሸጉ።

«ኪሴ ነበር» አሉ። «ተረኛው መጥቶ ፊውዙን ሲያጣ፣ ተቃጥሎ ነው ብሎ መለዋወጫ ሰካ። ጎንበስ ብዬ ስለነበር አላየኝም። እሱ ምን ያድርግ?»

«አሁንስ ምን ሊገዙ መጡ?»

«መለዋወጫ...» አሉና ያኔ የተሰካውም መለዋወጫ እንደነበር ትዝ አላቸው። ባለመደብሩ «ልጠቅልለው?» ቢላቸው «ቆይ እስቲ» አሉት።

«እኔ በነደፍኩት» አለች ልጅቷ፣ «ክዳኑ ክፍት ከሆነ መብራት ቢመጣ፣ ፊውዝ ቢሰካ ማሽኑ አይነሳም። በፕሮግራሙ ብቻም አልተማመንኩም፤ ክዳኑ የራሱ ኃይል ማቋረጫ አለው። የቀረኝ የእርስዎ ጆሮ ነው። ሊደፈን ሲል ምን ይሰማዎታል?»

«ሞተሩ ያጉረመርማል።»

«ያኔ ብዙ ኃይል እየሳበ ነው ማለት ነው። እሱን ለክቶ ቀድሞ እንዲቆም አደርገዋለሁ።»

ሠላሳ ዓመት ማንም ያልጠየቃቸውን ነገር ተጠይቀው እምቢ ማለት አቃታቸው።

የሙከራው ቀን ያ ፊውዝ የሰካባቸው ተረኛ፣ አሁን ሽበት የወረሰው ባልደረባቸው፣ አጠገባቸው ቆመ። ክዳኑን ራሳቸው ከፈቱና ፊውዙን ሰጡት።

«ስካው።»

«እኔ? ተወኝ ባክህ!»

«ስካው አልኩህ። ቁልፉንም ተጫን።»

ፊውዙን ሰካ፤ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ንቅንቅ አላለም። ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። በአደጋው ዕለት ከእሳቸው ጣት ሌላ የባልደረባቸው የእንቅልፍ ሰላምም እንደተቆረጠ አንጋፋው ያን ጊዜ ገባቸው።

«አየህ ወንድሜ» አሉ ትከሻውን አቅፈው፣ «ከእንግዲህ የሠራተኛ እጅ አይጎድልም፤ ወዳጅም ሳያውቅ ወዳጁን አይጎዳም። ማሽኑም ሳይደፈን ስለሚቆም ሳሙናው አይበላሽም።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«የተማረ ይግደለኝ ይባል ነበር። እኛን ግን የተማረ አዳነን። ተባረኪ ልጄ!»