ባለቤት የሌለው ዜማ

(ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ፤ ቅዳሜ ረፋድ። ስሙ በዓለም የናኘው የሙዚቃ ደራሲ ቴዎዶሮ ታላቅ እህቱን ዚልዳን ልብስ በምትሰፋበት ሱቋ ውስጥ ይለማመጣል።)

ዚልዳ፦ አልወጣም አልኩ አልወጣም! ሰባ ዓመት የሞላት ሴት መድረክ ላይ ክላርኔት ስትነፋ ሰው ምን ይላል?

ቴዎዶሮ፦ «ጎበዝ» ይላል።

ዚልዳ፦ «ጥርሷን ያዙላት» ነው የሚለው።

ቴዎዶሮ፦ እትዬ፣ ኮንሰርቱ ነገ ነው። አንቺ የምትነፊው የመጨረሻዋን ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ ምን አላት?

ዚልዳ፦ ከሳኦ ፓውሎ ያመጣኸው ያ ሸበላ ሰውዬ ምን ሆነ?

ቴዎዶሮ፦ ምንም አልሆነ። ግን እሱ ሲነፋት በጣም ትነጻለች። የሆስፒታል ወለል ትመስላለች።

ዚልዳ፦ የኔ ቆሻሻ ነው ማለት ነው?

ቴዎዶሮ፦ የአንቺ ትንፋሽ አለው። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትነፊ ከኋላ ቆሜ ሰማሁሽ፤ እግሬ ከዳኝ።

ዚልዳ፦ አፈ ቅቤ! እግርህን ያስከዳህስ እርጅና ነው። ስድሳ ሦስት ዓመትህ እኮ ነው።

ቴዎዶሮ፦ ኖታ ማንበብ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አስተማሪዬን መድረክ ላይ ባወጣ ምን ነውር አለው?

ዚልዳ፦ ነውሩንማ አባባ ነው የሚያውቀው። የከተማው ባንድ መሪ ነኝ ብሎ «ሴት ልጅ እዚህ አትገባም» አለኝ፤ እኔ ከግድግዳው ጀርባ ቆሜ ተማርኩ። ለአንተ ደግሞ በከሰል ግድግዳ ላይ እየጻፍኩ አስተማርኩህ። የነጻ ትምህርት ዕድል ሲመጣ ግን ወደ ጀርመን የሄድከው አንተ ነህ።

ቴዎዶሮ፦ ሄጄም ካሴት ላኩልሽ።

ዚልዳ፦ ያንን ካሴት አታንሳብኝ! የጻፍከው ሙዚቃ ለአራት ቫዮሊንና ለአንድ መጋዝ ነበር አይደል? ቴፑ የተበላሸ መስሎኝ ለጠጋኝ ወሰድኩት።

ቴዎዶሮ፦ ጠጋኙስ ምን አለ?

ዚልዳ፦ «ቴፑ ደህና ነው፣ ወንድምሽን ሐኪም አሳዪው።»

ቴዎዶሮ፦ ልክ ብሏል። በርሊን ላይ መጀመሪያ የቀረበ ቀን ግማሹ ሰው ጥሎ ወጣ።

ዚልዳ፦ ግማሹስ?

ቴዎዶሮ፦ ኮቱን እየፈለገ ነበር።

ዚልዳ፦ ስለ ድርቁ የጻፍከው ኦፔራስ! ዘፋኟ ለመሞት ሃምሳ ደቂቃ ፈጀባት። በዚያ ጊዜ እኔ አንድ ቀሚስ ዘምዝሜ እጨርስ ነበር።

ቴዎዶሮ፦ ሲምፎኒውን ግን ወደድሽው። ሰው ቆሞ ያጨበጨበልኝ በእሱ ነው። ሽልማቱም፣ ኒው ዮርክም፣ ቶኪዮም የመጡት ከእሱ በኋላ ነው።

ዚልዳ፦ መሳቢያውን ክፈት። ከክሩ ሥር ያለውን ጋዜጣ አውጣ።

ቴዎዶሮ፦ ይሄን ሁሉ ጊዜ አስቀምጠሽው?

ዚልዳ፦ አንብበው። ጋዜጠኛው «ይህን ውብ ዜማ ከየት አገኙት?» ሲልህ ምን አልክ?

ቴዎዶሮ፦ «የአገሬ ሕዝብ ዜማ ነው፤ ባለቤት የለውም።»

ዚልዳ፦ እማማ በሞተች ዓመት አንተ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎህ ታለቅስ ነበር። ያን ዜማ አንተን ላስተኛበት አወጣሁት። እኔ ነኝ ሕዝቡ?

ቴዎዶሮ፦ ፈራሁ እትዬ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጥሎ ያልወጣብኝ ያኔ ነው። «የእህቴ ነው» ብል የኔ ምን ይቀራል አልኩ።

ዚልዳ፦ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ከዚያ ወዲያስ? ሃያ ዘጠኝ ገና እዚህ ጠረጴዛ ላይ በላህ፤ አፍህ ለምግብ ብቻ ነበር የሚከፈተው?

ቴዎዶሮ፦ በዓመቱ ልናገር አልኩ፣ አፈርኩ። በአምስት ዓመቱ የበለጠ አፈርኩ። ከዚያ መጽሐፍ ተጻፈበት፣ ተማሪ ተመረቀበት። አለባብሰው ቢያርሱ...

ዚልዳ፦ ...በአረም ይመለሱ። ያኔ ብትጠይቀኝ «ውሰደው» እልህ ነበር እኮ! የቆጨኝ ዜማው መሄዱ አይደለም። ሳትጠይቀኝ መውሰድህ ነው።

ቴዎዶሮ፦ ይኸው አሁን ልጠይቅሽ መጣሁ። ይሄን እይው፤ የነገው ፕሮግራም ነው።

ዚልዳ፦ መነጽሬን... «ኮንሰርቶ ለክላርኔት። የመጨረሻው ክፍል ዜማ፣ እንዲሁም የአንደኛው ሲምፎኒ ዋና ዜማ፣ ድርሰት፦ ዚልዳ...» አሳተምከው?

ቴዎዶሮ፦ ለአዳራሹ ሁሉ። ነገ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ቆሜ በራሴ አፍ እናገራለሁ።

ዚልዳ፦ አብደሃል? ሌባ ይሉሃል! አንድ ዕድሜ የገነባኸውን ስም ባንድ ከሰዓት ትንዳለህ?

ቴዎዶሮ፦ ሌባ ቢሉኝ አልዋሹም። የቀረውን የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ ከቆመ ይቁም፣ ከወደቀም ይውደቅ። ብትነፊም ባትነፊም እናገራለሁ።

ዚልዳ፦ ባልነፋም?

ቴዎዶሮ፦ ባትነፊም። ለማባበል አይደለም ያሳተምኩት።

ዚልዳ፦ ደረቅ! እንደ አባባ ደረቅ ነህ። በል ኖታውን ወዲህ በል፤ ማየት አይከለከልም።

ቴዎዶሮ፦ ይኸው።

ዚልዳ፦ ምም... ምምም... ደህና ነው... ቆይ። ይቺ ምንድን ናት? ዜማው እየወረደ ነበር፤ እዚህ ጋ ለምን ዘሎ ወጣ?

ቴዎዶሮ፦ እሷማ ታዋቂዋ ኖታ ናት! በሲምፎኒውም አለች። አንድ ፕሮፌሰር ስለ እሷ ብቻ ሁለት መቶ ገጽ ጽፏል። «የአንድ ሕዝብ ጥልቅ ሐዘን በአንዲት ድምፅ» ይላታል።

ዚልዳ፦ የምን ሐዘን! አንተን እያስተኛሁ ልብስ ስጠቅም መርፌ ወግቶኝ «ኡይ!» ያልኩት ነው!

ቴዎዶሮ፦ ምን?!

ዚልዳ፦ የዜማው አይደለም እያልኩህ ነው። ጣቴ ነው።

ቴዎዶሮ፦ እትዬ... ቶኪዮ ላይ እዚያች ኖታ ጋ ሰው አልቅሷል!

ዚልዳ፦ እኔም አልቅሻለሁ፤ መርፌው ወፍራም ነበር። ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው?

ቴዎዶሮ፦ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ለምን?

ዚልዳ፦ ተነስ፣ መኪናህን አስነሳ። ያ ኦርኬስትራው ፊት ቆሞ በትር የሚያወናጭፈው ሰውዬ የሚሰርዛት ኖታ አለች፤ እኔ በምነፋበት ማንም «ኡይ» አይልም።