በጭብጨባ የሄደ ቡድን

በምኖርበት የውጭ አገር ከተማ፣ ከሰንሪጅ የገበያ ማዕከል በተሳፈርኩበት አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ወጣትና አንድ አዛውንት በአማርኛ የስፔን ኳስ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ ሕግ ወጥቶ አብዛኞቹን ክለቦች ባለሀብት እየገዛቸው ነው። ጥቂቶቹ ግን አሁንም የሜምበሮቹ ናቸው። ፕሬዚዳንታቸውን ራሳቸው ቮት አድርገው ይመርጣሉ።»

«እሰይ!»

«ገንዘብ ይዞ የመጣ ሁሉ ዘው አይልባቸውም!»

«እዚህ ያለው የኛ የሐበሻ ቡድንስ የማን ነበር?»

«የሁላችንም ነበራ።»

«አሁንስ?»

«ያው… የባለ ሬስቶራንቱ ነው።»

«ማን ሸጠለት?»

«ማንም አልሸጠለትም። ቀዩን ማሊያ ስፖንሰር አደረገን፤ በዚያው ሊቀመንበር ልሁን አለ።»

«ቮት አደረጋችሁ?»

«አጨበጨብን።»

«እኔ እጄን አውጥቼ ‹ኧረ ተዉ፣ እንመካከር› ስልስ?»

ወጣቱ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ይቀመጡ አልንዎት።»

«ከመካከላችሁ ማን ነበር ጮክ ብሎ ያለኝ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ከዚያ ወዲህ ያ ማሊያ እንደ ሳማ ይለበልበኛል።»

«ታዲያ ለምን ትለብሰዋለህ?»

«ካልለበስኩት አያጫውተኝማ።»

ከጃኬቴ ሥር ብቅ ያለውን ቀይ ኮሌታ ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ዚፔን እስከ አገጬ ሳብኩት።