ቅቤና የአንገት ቱቦ

ሰው የሚረታውን ሰው የት እንደሚያገኘው አያውቅም። ወይዘሮ ቀለሟ ከኢተያ ወደ አሰላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ቀሚሷን ሰብሰብ ብታደርግ፣ «ቅቤ አይናከስም ልጄ» አሏት።

ልጅቱም ሳቅ ብላ፣ «የሚናከስበት ቦታ አለ እማማ» አለች።

«እንግዲያ ያንቺ አገር ቅቤ ጥርስ አብቅሏል» ብለው ዘጉት። መልስ አጥተው አያውቁም።

አሰላ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ያቺው ልጅ የሥራ ልብሷን ለብሳ ጠበቀቻቸው። ነርስ ናት፤ ሲስተር ፈናን ይሏታል። ውስጥ የተኛው የወይዘሮ ቀለሟ ታናሽ ወንድም ከበበው ነው። ከእህል ማጨጃው ኮምባይነር ላይ ወድቆ የተሰበረ ጎድኑ ሳንባውን ስለወጋው በማሽን ይተነፍሳል፤ መድኃኒቱም አንገቱ ላይ በገባ ቀጭን ቱቦ ይሄድለታል። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አናቱን ቅቤ ሳልቀባው ቢሞትብኝስ የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነስቷቸዋል።

«ቅቤውን እዚሁ ያስቀምጡልኝ፤ እጅዎንም ይታጠቡ» አለች ፈናን።

«ጠዋት ታጥቤያለሁ። ቅቤውም ከራሴ ላም ነው፤ ንጹሕ ነው።»

«ለመብላት ንጹሕ ነው። ራሱ ላይ ሲቀልጥ ግን ወደ አንገቱ ይወርዳል። ቱቦው ላይ የለጠፍነው ፕላስተር ቅቤ ከነካው ይላቀቃል። ያን ጊዜ ተዋሲያን በቱቦው በኩል ቀጥ ብለው ደሙ ውስጥ ይገባሉ።»

«ሕመሙ የሳንባ ነው አላላችሁም? ደሙ ምን ሆነ?»

«እስካሁን ምንም። እኛ እንዳናሳምመው ነው የምለምንዎት። ሳንባው ድኖ፣ እዚሁ በያዘው የደም መመረዝ የሚሞት አለ።»

እንዲህ ያለውን እውነት ከሐኪም ቤት ሰው አፍ መስማት ደስ አይልም፤ ግን ያስከብራል። ወይዘሮ ቀለሟ ደግሞ በዋዛ የሚበገሩ አልነበሩም።

«አያቴ ስንቱን በቅቤ አድናለች።»

«አያትዎ ያዳኑት ሰው አንገቱ ላይ ቱቦ ነበረው?»

«ቱቦ ከየት ይምጣ።»

«ይኸውልዎ። ቆዳ አጥር ነው። እኛ ለመድኃኒቱ ብለን አጥሩን በሳነው፤ የበሳነውን መጠበቅ አለብን። እርስዎ ከማለብዎ በፊት የወተቱን ዕቃ ያጥናሉ?»

«ይህ ይጠየቃል? ባልታጠነ ዕቃ ወተት ይበላሻል።»

«ትናንት አጥኜዋለሁ ብለው ዛሬ ዝም ብለው ያልቡበታል?»

«ምን ሞኝ አረገኝ።»

«ታዲያ ‹ጠዋት ታጥቤያለሁ› ያሉኝስ?»

ወይዘሮ ቀለሟ ቅቤውን መስኮቱ ላይ አኖሩና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ፈተጉ። «ባሌ እንኳ እንዲህ ረቶኝ አያውቅም» አሉ። የተረታ ሰው ዓይኑ ስል ነው፤ ገብተው ዙሪያውን ይቃኙ ጀመር። ዶክተር ይስሃቅ የጎረቤቱን ሕመምተኛ መርምሮ ሲያበቃ፣ ያንኑ እጁን ሳይታጠብ ወደ ከበበው ቱቦ ሲዘረጋ አዩት።

«ዶክተር፣ ዕቃው አልታጠነም።»

ዶክተሩ ግራ ገባው። ፈናን ሳቋን ዋጠች።

«እጅዎን ነው የምለው። ከዚያኛው አልጋ ነው የመጡት። የእኔ ቅቤ ተከልክሎ የእርስዎ እጅ በምን አለፈ?»

ዶክተሩ አንገቱን ደፋ። እጁን በአልኮል ደህና አድርጎ አሽቶ፣ «እውነትዎን ነው እናቴ። ስረሳ ይቆጡኝ» አለ።

«ከፈቀዱልኝማ አልምርዎትም። ይህስ ቱቦ እስከ መቼ ነው?»

«በየቀኑ እናየዋለን። ካላስፈለገ ቶሎ ማውጣቱ ነው ደጉ።»

«እንግዲያ በየቀኑ እጠይቃለሁ።»

ጠየቁም። ሐኪሙ ሲገባ ስለ እጁ፣ ሲወጣ ስለ ቱቦው። ኋላ ኋላ ዶክተሩ ገና ሲያያቸው መዳፉን ከፍ አድርጎ ማሳየት ለመደ። ከበበውም ትኩሳት ሳይነካው ከማሽኑ ተላቀቀ፤ ቱቦው ወጣለት፤ ወደ ተራው ክፍል ተዛወረ።

አጎታቸው አቶ ባንተአምላክ ከዲክሲስ መጥተው አቅፈው ሊስሙት ሲንደረደሩ፣ ወይዘሮ ቀለሟ በሩ ላይ ቆሙ።

«የእኅቴን ልጅ ለመሳም አንቺን ላስፈቅድ?»

«ሳሙናውን ያስፈቅዱ፣ አጎቴ። መድኃኒት ሳንባውን አዳነለት፤ ደሙን ያተረፈለት ግን የታጠበ እጅና በጊዜው የወጣ ቱቦ ነው። ያልታጠበ ሰው ከሩቅ ቢጠይቅ ፍቅሩ አይቀንስም፤ ሕመምተኛውም ቶሎ ቤቱ ይገባል።»

አቶ ባንተአምላክ እያጉረመረሙ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ሐኪም ሆንሽብን ቀለሟ።»

«ሐኪሙን የማስታጥበው እኔ ነኝ» አሉና ውሃውን ከፈቱላቸው።