በጋሼ ማኅተም ስም የተቀየረው ውጤት

ሰው ሁሉ «ጋሼ ማኅተም» የሚላቸው የአንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ኃላፊ ከዲኑ ቢሮ ወጥተው ደረጃውን ሲወርዱ ሁለት ጊዜ ቆም ብለው ቀኝ ጉንጫቸውን ዳሰሱ። ሐሙስ ዕለት ጥርሳቸው የተነቀለበት ቦታ ገና ይጠዘጥዛል። በእጃቸው የያዙት ደብዳቤ ግን ከጥርሱም ይብስ ነበር። «ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የሁለት ተማሪዎችን ውጤት በምን ምክንያት እንደቀየሩ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያስረዱ» ይላል።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼ አፋቸውን ከፍተው የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተጋድመው ነበር። እንኳን ውጤት ሊቀይሩ ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው ነበር። ይህንኑ ለዲኑ ቢናገሩ፣ «ዛሬ እኮ ሰው በስልኩም ይገባል ይላሉ» የሚል መልስ አገኙ። በስልክ የሚገባው ማን ነው? ወዴት ነው የሚገባው? ጋሼ ግራ ገባቸው።

ደረጃው መታጠፊያ ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠሙ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ፕሮግራም መጻፍን ማንም ሳያስተምራት በራሷ ተምራ ኮሌጁ የሚሠራበትን የውጤት መመዝገቢያ የጻፈችው ደግሞ እሷ ናት። እሷም ወረቀት ይዛለች።

«ጋሼ፣ እርስዎን ስፈልግ ነበር። ይህን ይፈርሙልኝ።»

«አንቺም ደብዳቤ? ዛሬ ሰማዩ የሚያዘንበው ወረቀት ነው እንዴ?»

መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡ። የሥራ መልቀቂያ ነው። አንድ የሳይበር ደህንነት ድርጅት በጀማሪነት ተቀብሏታል፤ የአለቃዋን ስምምነት ይዛ እስከ ዕለቱ የሥራ ሰዓት መውጫ ካላረጋገጠች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አለቃዋ ደግሞ ጋሼ ናቸው።

«የሳይበር ምን?»

«ደህንነት። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ነገር እንዳይሰረቅና እንዳይበላሽ መጠበቅ።»

«ዘበኛ ልትሆኚ ነዋ!»

«እንደዚያ ቢሉትም አልቆጣም።»

«ቤት ትሠሪ የነበርሽው ልጅ በር ላይ ልትቆሚ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ። ስንት ዓመት ዓይንሽ እስኪቀላ ለፍተሽ፣ ገና ሰው ሰላም ሲልሽ፣ ተመልሰሽ ጀማሪ?»

«ስምንት ወር ከሥራ መልስ ሳጠና ቆይቻለሁ፣ ጋሼ። ዝም ብዬ አልተነሣሁም።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አንዴ በራስሽ ተማርሽ፣ እግዜር ረዳሽ። ሁለተኛ ይረዳኛል ብለሽ ትፈትኚዋለሽ?»

ልጅቱ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ዓይኗ እሳቸው የያዙት ደብዳቤ ላይ አረፈ። ተቀብላ አነበበችው፤ ፊቷም ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ በዚህ ውስጥ የእኔም ጥፋት አለበት። ይምጡ እንውረድ።»

«አንቺ ነሽ የቀየርሽው?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ነሽ?» አሉ ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ግራ ተጋብተው።

መዝገብ ቤቱ አራት ጠረጴዛና አራት ኮምፒውተር ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ከብረት ቁም ሳጥኑ ጎን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተለጥፋለች። በላይዋ የጋሼ ስምና የይለፍ ቃላቸው በራሳቸው ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ አራቱም ሠራተኞች የሚገቡት በእሷ ነው። ይህን ደንብ ያወጡት ጋሼ ናቸው፤ ያወጡትም በክፋት አይደለም። በወጣትነታቸው አንድ አለቃቸው የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ኪሱ እንደከተተ ዕረፍት ሄዶ፣ ተማሪ ሁሉ ሁለት ሳምንት ደጅ ጠንቷል። ከዚያ ወዲያ ጋሼ «ቁልፍ የሁሉ ይሁን» ብለው ማሉ። እሳቸውን ለመውቀስ አንቸኩል፤ እኛስ የስልካችንን መክፈቻ ለስንቱ ነግረናል?

ልጅቱ አንዱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ጥቂት ጻፈች። ማሳያው በቁጥር ተሞላ።

«ይኸው፣ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት። የገባው ጋሼ ማኅተም፣ ውጤት የቀየረውም ጋሼ ማኅተም።»

«እኔ እኮ ሐኪም ቤት ነበርኩ!»

«እኔ አምንዎታለሁ። መዝገቡ ግን እርስዎን አያውቅም፤ የሚያውቀው ስምዎን ነው። ይህን ስም የጻፈ ሁሉ ለሱ እርስዎ ነው።»

«ስለዚህ እኔ ስንት ነኝ?»

«አራት፣ ጋሼ።»

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ያለ ነቀፋ የኖሩ ሰው፣ ሳያውቁት አራት ሆነው ሲሠሩ እንደከረሙ መስማት ቀላል አይደለም።

«አንድ ነገር ግን ይታያል» አለች ልጅቱ። «የተገባው በስልክ አይደለም። በመስኮቱ በኩል ባለው ኮምፒውተር ነው።»

በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው ጸሐፊ ደንግጣ ተነሣች። «ሐሙስ ውጤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ምን ሆነ?»

ከመምህሩ ወረቀት ጋር ሲያመሳክሩት ነገሩ ወለል አለ። ጸሐፊዋ አንድ መስመር ዘልላ የሁለት ተከታታይ ተማሪዎችን ውጤት አቀያይራለች፤ የወደቀው አልፎ ያለፈው ወድቋል። ደብዳቤው ለጋሼ ብቻ ስለተጻፈ እሷን የጠየቃት አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይማሩኝ!»

«ኧረ ተቀመጪ፤ መስመር መዝለል በሁላችንም ይደርሳል» አሉ ጋሼ። ቀጥለውም ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። «ቆይ፣ የአንቺ ጥፋት የቱ ነው?»

«ፕሮግራሙን ስጽፍ ሐሳቤ ሁሉ እንዲሠራ ነበር። ሠራ፤ እርስዎም መረቁኝ። በአንድ ስም አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ዝም የሚል አድርጌ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ሠሪ እንዴት እንደሚሠራ ያስባል፤ እንዴት እንደሚበላሽ የሚያስብ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ያንን ማሰብ ስጀምር ነው ሥራዬን መቀየር የፈለግሁት።»

«የሠራሽውን ጥለሽ?»

«ይዤው ነው የምሄደው። ቤት ሠርቶ የሚያውቅ የትኛው መስኮት እንደማይገጥም ከሩቅ ይለያል። እዚያ ጀማሪ ቢሉኝም ከዜሮ አልጀምርም። ደግሞ ያስቡት፤ ዛሬ የተገኘው ስህተት ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮስ?»

ጋሼ አሰቡት። ሌባ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዕድሜያቸው አጭበርባሪ ተብለው ይወጡ ነበር፤ መስካሪያቸውም የተነቀለ ጥርስ ብቻ። ተነሥተው ብጣሿን ወረቀት ከቁም ሳጥኑ ላይ ገነጠሏት። ከዚያ ብዕራቸውን አውጥተው መልሳቸውን ጻፉ፤ የልጅቱ መልቀቂያ ላይም ፈረሙ፤ ሁለቱንም ይዘው ወደ ዲኑ ወጡ።

የጋሼ መልስ አጭር ነበር፦ «ጥፋቱ በስሜ ተፈጸመ እንጂ በእጄ አልተፈጸመም። ስሜን ለሰው ሁሉ ያደልኩት ግን እኔ ነኝ።»

ዲኑ አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ይገባኛል፣ የሁለቱም ውጤት ይታረም። ይቺን ልጅ ግን እንዴት ይለቃሉ? ኧረ እርስዎ ነዎት ሊያስቀሯት የሚገባ!»

«እኔም ከአንድ ሰዓት በፊት እንደዚህ ስል ነበር» አሉ ጋሼ። «አሁን ሳስበው ግን ልጅቱ እዚህ ብትቀር የምትጠብቀው አንድ ክፍል ነው፤ ሄዳ ብትማር ስንት መሥሪያ ቤት ውስጥ ስንት እንደኔ ያለ የዋህ ሰው ከውርደት ታድናለች። ያለ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው መማሩን ማቆም የለበትም፤ የያዘው ወረቀት ስለሌለ የሚያስከብረው ትጋቱ ብቻ ነው። እኛም ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዳችን በየስማችን እንገባለን። የተሳሳተ ይታወቃል፣ ያልተሳሳተ በሰላም ያድራል፣ ተማሪም የልፋቱን ያገኛል።»

«ለመሆኑ እዚያ ቀን በቀን የምትሠራው ምንድን ነው?»

ጋሼ ጣሪያውን አዩ፣ ወለሉን አዩ። «እውነቱን ልንገርዎ? እሱ አልገባኝም። ጥቅሙ ግን ገብቶኛል።»

ዲኑ ስቀው ማኅተማቸውን አሳረፉ።

ጋሼ ተመልሰው ወረቀቱን ለልጅቱ ሰጧትና ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀመጡ። «አሁን አዲስ የይለፍ ቃል ላወጣ ነው። ሁላችሁም ፊታችሁን ወደ ግድግዳ!»

ጸሐፊዋና ሌሎቹ ዞሩ።

«አንቺም» አሉ የእህታቸውን ልጅ።

እሷም ዞረች። ከኋላዋ የጋሼ አንዲት ጣት ፊደል ስትፈልግ፣ ስታገኝ፣ ስትመታ ይሰማል። ልጅቱ ስልኳን አውጥታ ለአዲሱ ድርጅት «እመጣለሁ» ብላ ጻፈች፤ ላከችውም።