ሐጂ ሙሔ ሊቀብሩት የወሰዱት ሥጋ

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ በጣና ዳር ወደ ቤቴ ሳዘግም ጎረቤቴን እህል ነጋዴውን ሐጂ ሙሔን አገኘኋቸው። በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ይጣደፋሉ። ሰላም ሳልል ማለፍ ደግሞ አይሆንልኝም።

«እንደምን ዋሉ ሐጂ? ሙሀመድየሱፍስ እንዴት ሆነ?» አልሁ። ልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድማቸው የዚያን ዕለት ጠዋት ለአንጀቱ ኦፕራሲዮን መግባቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ነቅቷል መምህር። በሽታውን ቆርጠው አወጡለት። እኔም ይኸው ወደ መቃብር ልወስደው ነው።»

ክው አልሁ። «ምኑን?»

«አንጀቱን ነዋ! የሰው ገላ አይደለም እንዴ? የሐኪም ቤቱ ሰዎች እምቢ ቢሉኝ ተቆጥቼ ተቀበልኋቸው። ውሻ ይጎትተው?»

ከኋላችን ሩጫ ተሰማ። የሙሀመድየሱፍ ልጅ መዲና ናት፤ በነርስነት ተመርቃ አባቷ በተኛበት ሐኪም ቤት ትሠራለች። በአንድ እጇ ጫማዋን፣ በሌላው መድኃኒት የሞላበት ትልቅ ብልቃጥ ይዛለች።

«አጎቴ፣ በአላህ ይቁሙ! ሥጋው ለምርመራ አዲስ አበባ የሚላክ ነው። በዚህ ሙቀት ሳይበላሽ ብልቃጡ ውስጥ መግባት አለበት።»

«ተቆርጦ ወጣ አላላችሁም? የወጣ ነገር ምኑ ይመረመራል? የወንድሜ ገላ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ በአውቶቡስ ተሳፍሮ! ሱብሐነላህ!»

እውነቱን ለመናገር በጣም ተናደድሁ። ሐጂ ደግ ሰው ናቸው፤ ገላን ማክበርም መልካም ልማድ ነው። ግን ለተቆረጠው ሥጋ ሲሉ በሕይወት ያለውን ሰው ሊጎዱት ነው። ልጂቱ ከእኔ የተሻለ ትዕግሥት ነበራት።

«አይቀበር አላልሁም፣ ቆይቶ ይቀበር ነው ያልሁት። ዶክተሩ በዓይኑ ያየው ትልቁን እብጠት ነው። ነቀርሳ ግን ደረጃ አለው። ከአንጀቱ ግድግዳ ካልወጣ ቀላል ነው፤ ወደ ንፍፊቶቹ፣ በአንጀቱ ዙሪያ ወዳሉት ትናንሽ ዕጢዎች፣ ከገባ ከፍ ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ከእብጠቱም ከንፍፊቶቹም ተለይቶ፣ አንጀቱን በከበበው ሞራ ውስጥ ለብቻው ፍሬ ሆኖ ይቀመጣል። ያ ከተገኘ መቁረጡ ብቻ አይበቃም፤ መድኃኒት ይጨመርበታል።»

«ታዲያ መድኃኒቱን ዝም ብላችሁ ስጡታ!»

«ሐጂ፣ ይህ እኮ የራስ ምታት ክኒን አይደለም!» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

«መምህር ልክ ናቸው» አለች መዲና። «ከባድ መድኃኒት ነው፤ ለማያስፈልገው ሰው አይሰጥም። አጎቴ፣ እርስዎ ምስር ሲገዙ የጆንያውን አፍ አይተው ብቻ ይከፍላሉ?»

«እኔ? እጄን እስከ ክርኔ ሳልከት?» አሉ ተቆጥተው።

«እንግዲያው ይህንንም በጣትዎ ይዩት። በጨርቁ ላይ ይዳብሱት።»

ቢስሚላህ ብለው ዳበሱት። «ይህ ያ ክፉ እብጠት ነው። ይህ ደግሞ ለስላሳው ሞራ...» ድንገት አውራ ጣታቸው ቆመ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይችስ ምንድን ናት? ምስር የምታህል፣ ጠንካራ። ከእብጠቱ ርቃ!»

«አላውቅም» አለች መዲና፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ጤነኛ ንፍፊት ትሆናለች። ወይም ብቻዋን እዚያ የተቀመጠች በሽታ ትሆናለች። እኔም አላውቅም፣ ዶክተሩም በዓይኑ አያውቃት። በስሱ ተቆርጣ በማይክሮስኮፕ ስትታይ ነው የምትለየው። አሁን ከቀበሯት አባቴ በምን ደረጃ እንዳለ ሳናውቅ ሊሞትብኝ ነው።»

ሐጂ አውራ ጣታቸውን ከፍሬዋ ላይ አነሡ። ከዚያ ጥቅሉን ወደ እርሷ ዘረጉት።

«እንኪ፣ ብልቃጡ ውስጥ ክተችው። ግን በሰው እጅ አይሄድም። እኔው ታቅፌው እሄዳለሁ። ሲጨርሱ የተረፈውን ይመልሱልኝ፤ እቀብረዋለሁ።»

በማግስቱ ከቀበሌ መሸኛ አውጥተው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ብልቃጡን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ለማንም አላስነካም ብለው ነው አሉ የሄዱት።

ውጤቱ ሲመጣ ንፍፊቶቹ ንጹሕ ነበሩ። ያች ምስር የምታህል ፍሬ ግን በሽታ ሆና ተገኘች፤ በሞራው ውስጥ አንዲት እኅትም ነበረቻት። ዶክተሩ ሁላችንንም አስቀምጦ ሲያስረዳን፣ «ንፍፊቶቹ ንጹሕ ናቸው ብለን ብንዘናጋ ተሳስተን ነበር። እንዲህ ያሉ ፍሬዎች ካሉ በሽታው ከቤቱ ወጥቷል ማለት ነው፤ ደረጃው ሦስተኛ ነው። ከባድ ነው፤ የመጨረሻው ግን አይደለም። ጉበቱ ላይ አልደረሰም» አለ። ሙሀመድየሱፍም አዲስ አበባ እየተመላለሰ መድኃኒቱን ወሰደ። አፉ ቆሰለ፣ ከሳ፣ ተማረረ። ግን ጨረሰው።

አሁን የሐጂ መደብር ሌላ ሐኪም ቤት ሆኗል፤ ምስር ሊገዛ የገባ ሁሉ ምክር ሳይሰማ አይወጣም። «በሰገራህ ደም ስታይ ኪንታሮት ነው ብለህ አትደብቅ፤ ወንድሜ ደብቆ ነው የቆየው። ከተቆረጥህም የተቆረጠውን አስመርምር፤ ደረጃህን ካላወቅህ ሐኪሙም በጨለማ ነው የሚያክምህ» ይላሉ። እኔ በጥቁር ሰሌዳ ካስተማርሁት ይልቅ የእሳቸው ምክር ለብዙ ሰው ደርሷል።

የተረፈውን ሥጋ ሐጂ ከአዲስ አበባ ይዘውት ተመልሰው ነበር። «ባለቤቱ ሳይኖር አልቀብርም» ብለው እምቢ አሉ። ሙሀመድየሱፍ ሲበረታ አብረን ወደ መቃብሩ ሄድን። በእግሩ መጥቶ፣ በገዛ እጁ ጉድጓዱን ቆፍሮ አፈሩን መለሰበት።

ሐጂ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ያን ቀን ቸኩዬ ልቀብረው ነበር» አሉ።

ሙሀመድየሱፍ እጁን አራገፈና ሳቀ። «ኧረ ሐጂ፣ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ እኔንም በላዩ ይጨምሩኝ ነበር።»